የዳህላክ ደሴቶች፦ ድንጋዩ የሚናገረውና የማይናገረው

የእስልምና ታሪክ በአፍሪካ ቀንድ ሲነገር ሁለት ምዕራፎች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ615 ሶሓባዎች ወደ ነጃሺ ሀገር ያደረጉት ስደት ነው። ሁለተኛው ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወዲህ የገነኑት የይፋትና የአዳል ሱልጣኔቶች ታሪክ ነው። በመካከላቸው ያሉት ስድስት መቶ ሃምሳ ያህል ዓመታት ግን በብዙው ትምህርታችን እንደ ባዶ ገጽ ይታለፋሉ። በዚህ ዘመን ላይ የጽሑፍ ማስረጃ ካቆዩልን ሥፍራዎች መካከል በምፅዋ ፊት ለፊት፣ በቀይ ባሕር ላይ ተበትነው የሚገኙት የዳህላክ ደሴቶች ቀዳሚውን ቦታ ይይዛሉ።

ዛሬ በኤርትራ ግዛት ሥር ያሉት እነዚህ ደሴቶች ከመቶ ሃያ በላይ ሲሆኑ፣ ሰው በቋሚነት የሚኖርባቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ትልቁ ዳህላክ ከቢር ከ600 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው። ምድሩ ዝቅተኛና ሜዳማ ነው፤ የባሕር ፍጡራን በረጅም ዘመን ከገነቡት የኮራል ድንጋይ የተሠራ ነው። ሙቀቱ ብርቱ፣ ዝናቡም ጥቂት ነው፤ የሚፈስ ወንዝ የለም። ስለዚህ የጥንት ነዋሪዎች ዓለቱን ፈልፍለው የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ጉድጓዶችን ሠሩ። በዙሪያቸው ያለውንም ገጽ አስተካክለው ጠብታው ሁሉ ወደ ጉድጓዱ እንዲወርድ አደረጉ። የአካባቢው ትውፊት የጉድጓዶቹ ቁጥር በዓመቱ ቀናት ልክ ነበር ይላል።

የብሱ ደረቅ ቢሆንም ባሕሩ ለጋስ ነው። በጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ የኮራል ክምችት፣ በዳርቻውም የማንግሮቭ ዛፎች ይገኛሉ። የባሕር ኤሊዎች በአሸዋው ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ፤ የባሕር ላም የሚባለው እንስሳ በባሕር ሣር ላይ ይሰማራል። በዳህላክ ከቢር ደግሞ ከዋናው ምድር ዘመዶቹ በአካል ያነሰ የሜዳ ፍየል ይኖራል። ለሰው ኑሮ መሠረት ሆነው የቆዩት ዓሣ፣ የኤሊ ልብስና ከሁሉም በላይ የታወቀው ሉል ናቸው። እህሉም፣ ልብሱም፣ ሰዉም በአብዛኛው የሚመጣው በመርከብ ነበር። ስለዚህም የደሴቲቱን ታሪክ ስንጽፍ በእርሷ በኩል ያለፉትን ሰዎች ታሪክ መጻፋችን ነው።

ደሴቶቹ በሙስሊሞች እጅ የገቡት በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ፣ በኡመውያ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ702 ከሐበሻ ጠረፍ የተነሡ መርከበኞች ጂዳን ከወረሩ በኋላ ኡመውያዎች የባሕሩን መስመር ለመጠበቅ ዳህላክን ያዙ። ብዙም ሳይቆይ ሙቀቱና ርቀቱ ደሴቲቱን የግዞት ቦታ አደረጋት።

ከግዞተኞቹ መካከል ሁለቱ በመጻሕፍት ተለይተው ይታወቃሉ። አንደኛው በፍቅርና በነቀፋ ግጥሞቹ የታወቀው የመዲናው ገጣሚ አል-አሕወስ ነው። በኸሊፋ ዑመር ኢብን ዐብዱልዐዚዝ ዘመን (717–720) በዚያ በግዞት ነበር። ሁለተኛው ከታቢዒዮች ወገን የሆነውና ሐዲሥ በማስተላለፍ የታወቀው ዒራክ ኢብን ማሊክ ነው። ዒራክ የኡመውያ መሳፍንት ያለአግባብ የያዙት ሀብት ይመለስ ዘንድ ዑመርን አጥብቆ ይመክር ነበር። የዚድ ኢብን ዐብዱልመሊክ ሥልጣን ሲይዝ ገጣሚውን አስመጥቶ ዓሊሙን ወደ ዳህላክ ሰደደ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት፣ የደሴቲቱ ሰዎች ፊተኛው ልጆቻችንን ከንቱ ነገር አስተማረ፣ በኋለኛው እጅ ግን አላህ መልካሙን አስተማረን እያሉ የዚድን ያመሰግኑ ነበር። ገዥው ለቅጣት የላከውን ሰው ሕዝቡ እንደ መምህር ተቀበለው። በዚህ ዘገባ ውስጥ ልጆቻቸው ምን እንደሚማሩ የሚመዝኑ ወላጆችን እናያለን፤ ዳህላክ ከወታደርና ከእስረኛ በተጨማሪ የማኅበረሰብ መኖሪያ እንደነበረችም እንረዳለን።

ይህን ማኅበረሰብ በይበልጥ የሚያሳውቀን በዳህላክ ከቢር የሚገኘው ሰፊ የመቃብር ሥፍራ ነው። የመቃብር ድንጋዮቹ ከ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ለብዙ ትውልዶች ተቀርጸዋል። ፊደሉ በመጀመሪያ ኩፊ ነው፤ ኋላ ነስኽ ይተካዋል። በላያቸው ቢስሚላህ፣ የቁርኣን አንቀጾች፣ የሟቹ ስም ከአባትና ከአያቱ ጋር፣ የሞተበት ቀንና ዱዓ ይነበባሉ። ወንዶችም ሴቶችም በስማቸው ተጠርተዋል። አንዳንዶቹ ስሞች ባለቤቶቻቸው ወይም አባቶቻቸው ከሩቅ የእስልምና አገሮች እንደመጡ ያመለክታሉ። እ.ኤ.አ. በ1093 የሞተው ሙባረክ በድንጋዩ ላይ «ሱልጣን» ተብሏል፤ ይህም ደሴቲቱ የራሷን ገዥዎች ማቆሟን ያረጋግጣል። ጆቫኒ ኦማን በ1976፣ ማድሌን ሽናይደር ደግሞ በ1983 ያሳተሟቸው ጥናቶች እነዚህን ጽሑፎች ለተመራማሪ አቅርበዋል።

ይሁን እንጂ ድንጋይ የሚናገረው ድንጋይ ስለቆመለት ሰው ብቻ ነው። የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የየመን ታሪክ ጸሐፊ ዑማራ፣ የዳህላክ ገዥ ለዘቢድ መንግሥት ያቀርበው የነበረውን ግብር ሲዘረዝር አንድ ሺህ ባሮችን ይቆጥራል፤ ከእነዚህ አምስት መቶዎቹ የሐበሻና የኑብያ ሴቶች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ከመርከብ ወደ መርከብ ሲተላለፉ ስማቸውን የቀረጸላቸው አልነበረም። በመቃብሩ ሥፍራ ያሉትን ስሞች ስናነብ፣ በዚያው ወደብ ስም ሳይተዉ ያለፉትን ማሰብ ይገባናል።

በዘቢድ ከነበሩት ሐበሻዊ ባሮች አንዱ ነጃሕ ነበር። እርሱ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥልጣን ይዞ የራሱን ሥርወ መንግሥት መሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1060 ሲሞት ልጆቹ ሰዒድና ጀያሽ ከሱለይሒዎች ሸሽተው የተጠጉት በዳህላክ ነው። ኋላም ወደ ዘቢድ ተመልሰው ነገሡ፤ ጀያሽ ስለ ከተማይቱ ታሪክ መጽሐፍ እስከመጻፍ ደርሷል። የባሪያ መተላለፊያ የነበረችው ደሴት ለባሪያ ልጆች መጠጊያ ሆነች።

ኦቶማኖች እ.ኤ.አ. በ1557 ምፅዋን ከያዙ በኋላ የዳህላክ ገናናነት አበቃ፤ ሉል ማውጣቱ ግን ቀጠለ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ኢጣልያኖች በአጠገቧ ባለችው ናኩራ ደሴት ወህኒ ቤት አቋቁመው የጥንቱን የግዞት ታሪክ አደሱ። ከመቃብር ድንጋዮቹም ብዙዎቹ ከሥፍራቸው ተነሥተው በአስመራ፣ በካይሮና በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ተበትነዋል።

ዳህላክን ለተማሪ ስናስተምር የዒራክን ዕውቀት ብቻ መርጠን ብናወሳ ታሪኩን እናጎድላለን፤ የባሪያ ንግዱን ብቻ ብናነሣም እንዲሁ። ቁርኣን በሱረቱል በለድ ባሪያን ነጻ ማውጣትን ከከባዱ ዐቀበት መውጫ አድርጎ ቆጥሮታል። በዚህ ሚዛን ሲታይ የዳህላክ ገዥዎች ግብር ከዐቀበቱ የራቀ ነበር፤ ይህን መናገርም እስልምናን ማንኳሰስ ሳይሆን ሰዎችን በእስልምና መመዘን ነው። መምህሩ ከድንጋዮቹ አንዱን ስም ከነቀኑ ለተማሪዎቹ ካነበበ በኋላ የዑማራን ቁጥር አስከትሎ ቢያነብ፣ ተማሪው ማን እንደተጻፈለትና ማን እንዳልተጻፈለት ራሱ መጠየቅ ይጀምራል።