የዛፍ ወጌሻ

አማርኛችን ዛፍ ለሚጥል ሰው ግስ አይቸግረውም። ይቆርጣል፣ ይገነድሳል፣ ይመለምላል፣ ይጨፈጭፋል፣ ይፈልጣል፣ ይጠርባል እንላለን፤ እያንዳንዱ ቃል የራሱ የእጅ አወራረድ፣ የራሱ ስለት አለው። ዛፍን ለሚያክም ሰው ግን የረጋ ስም አላወጣንም። እግሩ የተሰበረ ሰው ወጌሻ ይጠራለታል። የተሰነጠቀ ጥድ፣ ቅርንጫፉ ወደ ጣሪያ ያዘነበለ ሾላ ግን የሚጠራለት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ቆራጩ ነው። ስለዚህ እኔ ስሙን ከሰው ሙያ ተውሼ «የዛፍ ወጌሻ» እለዋለሁ። ምክንያትም አለኝ፦ ወጌሻ የተሰበረውን እግር ቆርጦ አይጥልም፤ አጥንቱን ወደ ቦታው መልሶ፣ አስሮ፣ ገላ ራሱን እስኪጠግን ይጠብቃል።

ይህ የስም ጉድለት እንዲያው በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ከእንጦጦ ይጀምራል።

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ1870ዎቹ፣ መናገሻቸውን እንጦጦ ተራራ ላይ አደረጉ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም በዚያው በእንጦጦ ማርያም ነው። ንጉሥ ባለበት ሠራዊት አለ፤ ሠራዊት ባለበት ምጣድ ይጣዳል፣ ጠጅ ይጣላል፣ ጎጆ ይቀለሳል፣ አጥር ይታጠራል። ይህ ሁሉ ከእንጨት ነው። ተራራውን ያለበሱት ጥድና ወይራ ለምሰሶና ለማገዶ ሲወርዱ፣ ተራራው ራቁቱን እየቀረ ሄደ። በ1879 ዓ.ም. ከፍል ውኃው አጠገብ የተቆረቆረችው አዲስ አበባም ከዚሁ ችግር አላመለጠችም። ማገዶ ከከተማዋ እየራቀ፣ የሸክሙ መንገድ እየረዘመ መጣ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ምዕራብ፣ አዲስ ዓለም ላይ፣ ሌላ ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበር። ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የእንጨት እጦት ነው። ከተማን የሚያፈርሰው ጠላት ብቻ አይደለም፤ ምድጃም ያፈርሳል።

አዲስ አበባን በቦታዋ ካጸኗት ነገሮች አንዱ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ዛፍ ሆነ። ስሙም ይህንኑ ይናገራል፤ ባሕር ዛፍ። በ1880ዎቹ ከገቡት ዓይነቶች በከተማዋ ዙሪያ ይበልጥ የተስፋፋው ነጩ ባሕር ዛፍ ሲሆን፣ የትውልድ አገሩ ታስማኒያና ደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ ነው። በፍጥነት ያድጋል፤ ቅጠሉን ከብት አይበላውም። ከሁሉ የሚበልጠው ጠባዩ ግን ከጉቶው ማቆጥቆጡ ነው። አመጣጡ ከእሳት አገር ነውና፣ ከቅርፊቱ ሥርና ከግንዱ ግርጌ የተኙ ቡቃያዎች አሉት፤ ላዩ ሲቃጠል እነዚያ ይነቃሉ። እኛ ዘንድ ሲደርስ በእሳት ፈንታ መጥረቢያ ጠበቀው። ለባሕር ዛፍ ሁለቱ አንድ ናቸው። ዛሬ የቆረጡት ዛፍ ክረምት ሲገባ ሦስትና አራት ቀንበጥ አብቅሎ ይገኛል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም እንደገና አጠና ይሆናል፣ እንደገና ይቆረጣል።

ውለታው ትልቅ ነው። የአዲስ አበባ የጭቃ ቤት ግድግዳው ባሕር ዛፍ፣ ጣሪያው ባሕር ዛፍ፣ የሚጋገርበትም ጭራሮ ባሕር ዛፍ ነበር። ከእንጦጦ ጫፍ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ቁልቁለት፣ ከቅጠልና ከጭራሮ ሸክም በታች ወገባቸው እየጎበጠ የወረዱ እናቶች ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ዛፍ ነው። ይህን ዛፍ ለማማት ብዕር ማንሳት ምስጋና ቢስነት ይሆንብኛል። እኔ የምናገረው ስለ ዛፉ ሳይሆን ዛፉ ስላስለመደን እጅ ነው።

ባሕር ዛፍ ይቅር ባይ ዛፍ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ይቅር ሲለን ኖረ፤ እኛም ዛፍ ሁሉ ይቅር የሚል መሰለን። ቁረጠው፣ ይበቅላል፤ አናቱን በለው፣ ያቆጠቁጣል። ጥድ ግን እንዲህ አይደለም። የሐበሻ ጥድ ከተቆረጠ ጉቶ አያቆጠቁጥም፤ ቅጠል ከሌለው አሮጌ እንጨት ላይም አዲስ ቀንበጥ አያወጣም ማለት ይቻላል። ለእርሱ ምሳር የመጨረሻ ቃል ነው። ወይራ ከጉቶው ሊያቆጠቁጥ ይችላል፤ ነገር ግን አዝጋሚ ነው፤ አያት የቆረጠውን ወይራ በቀድሞ ግርማው የሚያየው የልጅ ልጅ ነው፤ እርሱም ከታደለ።

በየካ ሰፈሮች ስዘዋወር የማየው ይህንኑ ነው። ሾላ የሚለው የገበያው ስም የዛፍ ስም ነው፤ ግን ገበያተኛው ስሙን እንጂ ዛፉን አያስብም። ከየግቢው አጥር በላይ አናታቸው በአንድ መስመር የተቀላ ዛፎች ይታያሉ። ቆራጩ በገመድ ወጥቶ፣ ከላይ ያለውን ሁሉ አውርዶ፣ እንጨቱን ሽጦ ይሄዳል። ባለቤቱም ነፋስ እንዳይጥልብኝ አሳጠርኩት ይላል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። አናቱ የተቀላ ዛፍ ምግቡን የሚሠራበትን ቅጠል አጥቷል፤ በተከፈተው ሰፊ ቁስል ብስባሽ ይገባል፤ ቢያቆጠቁጥም አዲሶቹ ቀንበጦች ከግንዱ ጋር የተያያዙት በላይ በላዩ ነው። ሲወፍሩና ሲከብዱ ተገንጥለው የሚወድቁት እነርሱ ናቸው። ለደኅንነት የተደረገው ነገር ከዓመታት በኋላ አደጋ ሆኖ ይመለሳል።

ሌላውም ዓለም ይህን ያወቀው በአንድ ጀምበር አይደለም። ጆን ዴቪ የተባለ፣ ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ የሄደ አትክልተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1901 ስለ ዛፍ ሕክምና መጽሐፍ አሳተመ፤ የመጽሐፉም ስም «የዛፍ ሐኪም» የሚል ነበር። በዚያ ዘመን የዛፍ ሐኪሞች የበሰበሰውን ፍቀው፣ ጉድጓዱን እንደ ጥርስ በሲሚንቶ ይሞሉት ነበር። በኋላ አሌክስ ሺጎ የተባለው አሜሪካዊ የደን ተመራማሪ በሺሕ የሚቆጠሩ ግንዶችን በመጋዝ እየሰነጠቀ ውስጣቸውን መረመረ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የጻፈው ነገር ሙያውን ለወጠው። ዛፍ እንደ ሰው ቁስሉ አይሽርም፤ የተጎዳውን ክፍል በግንብ እንደሚያጥር ሰው ዘግቶ፣ በላዩ አዲስ እንጨት ያሳድጋል። አሮጌው ቁስል ከውስጥ እንዳለ ይኖራል። እንግዲህ ሲሚንቶው አላስፈለገም፤ ቁስሉን ቀለም መቀባትም እንዲሁ። ያስፈለገው ዛፉ ራሱ የሚያጥረውን አጥር አለማፍረስ ብቻ ነው።

ወጌሻው ከቆራጩ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ቅርንጫፍ ከግንድ በሚጋጠምበት ቦታ እንደ አንገትጌ ያበጠ ቀለበት አለ፤ የዛፉ አጥር የሚሠራው ከዚያ ነው። ወጌሻው ከአንገትጌው ውጭ፣ ተጠግቶ ይቆርጣል፤ አንገትጌውን አይነካም፣ ረጅም ጉጥም አያስቀርም። ከባድ ቅርንጫፍ ሲሆን በሦስት ጊዜ ያወርደዋል፤ መጀመሪያ ራቅ ብሎ ከሥር ጥቂት ይገዘግዛል፣ ቀጥሎ ከላይ ቆርጦ ክብደቱን ይጥላል፣ በመጨረሻ የቀረውን ከአንገትጌው አጠገብ ያስተካክላል። እንዲህ ካልሆነ ቅርንጫፉ ሲወድቅ ቅርፊቱን እስከ ግንዱ ልጦ ይሄዳል። የደረቀውን፣ የታመመውን፣ እርስ በርሱ የሚፋተገውን ያነሣል እንጂ ጤነኛውን ዘውድ አይነካም።

መቼ ይጠራ? በዛፉ ግርጌ ወይም በግንዱ ላይ እንጉዳይ ሲበቅል፤ መንታ ግንድ ከመጋጠሚያው ሲሰነጠቅ፤ ቀጥ ብሎ የኖረ ዛፍ በድንገት ሲያዘነብልና ከጀርባው አፈሩ ሲነሣ፤ ጣሪያ ወይም መንገድ ላይ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ሲደርቅ። ኤሌክትሪክ መስመር የነካ ዛፍ ላይ ግን ማንም መውጣት የለበትም፤ መጀመሪያ መስመሩ በሚመለከተው ክፍል መቋረጥ አለበት። ከሁሉ የሚበልጠው ጊዜ ደግሞ ቤት ከመሠራቱ በፊት ነው። ለመሠረት ሥሩ ከተቆረጠ፣ እግሩ በአፈር ከተቀበረ፣ እስከ አንገቱ በሲሚንቶ ከታነቀ በኋላ የሚጠራ ወጌሻ ለሬሳ የተጠራ ሐኪም ነው። ሲመጣም አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ «እንጨቱን የሚወስደው ማን ነው?» ዋጋውን ከእንጨቱ የሚያገኝ ሰው ዛፉ እንዲቆም ሊመክር አይችልም።

ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ ወንዶ ገነት ላይ ደን የሚያስተምር ተቋም አለን። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ ችግኝ ስንተክል፣ የተተከለውን ስንቆጥር ከርመናል፤ በ2013 ዓ.ም. እንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ ሕዝቡ ወደ ተራራው በእግሩ መውጣት ለምዷል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ችግኝ የወደቀን ጥድ የሚተካው በእኛ ዕድሜ አይደለም። በየካ ኮረብታ፣ በዋሻ ሚካኤል መንገድ፣ በእንጦጦ አድባራት ዙሪያ የቀሩት አሮጌ ጥዶች ካህናትና ምእመናን ባያከብሯቸው ኖሮ ከሌሎቹ ጋር በነደዱ ነበር። እነርሱን ያቆየቻቸው አንዲት ፍርሃት ናት፤ ቅዱስ ነገር እንዳይነካ። ከቅጥሩ ውጭ ላሉት ግን ያ ፍርሃት አልደረሰላቸውም፤ ዕውቀት ሊደርስላቸው ይገባል።

አበው «ዛፍ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል» ይላሉ። እኛ ገና ዛፍ አለን። ቆራጩን ለመጥራት ስልክ ከማንሳታችን በፊት ቀና ብለን እንመልከት፤ ከፊታችን የቆመው ይቅር የሚለው ዛፍ ነው ወይስ ይቅር የማይለው?