የፔይንስሂል የክሪስታል ዋሻ

የፔይንስሂል የክሪስታል ዋሻ በደቡብ እንግሊዝ፣ በሰሪ አውራጃ፣ በኮብሃም አጠገብ ባለ የቆየ የመኳንንት ርስት አትክልት ውስጥ የሚገኝ ሰው ሠራሽ ዋሻ ነው። ቦታው ከለንደን በስተደቡብ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ዋሻውን በ1760ዎቹ ያሠራው የርስቱ ባለቤት ቻርልስ ሃሚልተን ነው፤ በእጁ የሠራው ደግሞ ጆሴፍ ሌን የተባለ የዊልትሸር ግንበኛ እንደሆነ ይታመናል። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለው ዋሻ ግሮቶ ይባላል፤ ቃሉ የመጣው ከጣሊያንኛ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያንን ጎብኝተው የተመለሱ እንግሊዛውያን በዚያ ያዩትን በየአትክልታቸው ለማስመሰል ይጣጣሩ ነበር። ገጣሚው አሌክሳንደር ፖፕ በትዊክናም ከቤቱ ሥር ያለውን መተላለፊያ በማዕድን ድንጋይ አስጊጧል፤ በብሪስቶል የጎልድኒ ቤተሰብ የሠራው ደግሞ በባሕር ዛጎል የተሸፈነ ነው። የፔይንስሂሉ ከእነዚህ የሚለየው አንድም በክሪስታሉ ነው፤ ሁለተኛም ከቤት ሥር አልተሠራም፣ ከተራራም አልተፈለፈለም። የቆመው በሐይቅ መካከል ባለ ደሴት ላይ ነው። ሐይቁም ቢሆን የሃሚልተን ሥራ ነው፤ ስፋቱ 14 ኤከር ሲሆን፣ ውሃው ዝቅ ብሎ ከሚፈሰው ከሞል ወንዝ በመዘውር እየተሳበ ይሞላል።

ሃሚልተን (1704–1786) የስድስተኛው የአበርኮርን ኧርል የመጨረሻ ወንድ ልጅ ነበር። በአገሩ ሥርዓት ርስትና ማዕረግ ለበኩር ልጅ ስለሚተላለፍ፣ ለእርሱ የደረሰው ከስሙ ብዙም የሚበልጥ አልነበረም። ፔይንስሂልን ከ1738 ጀምሮ በእጁ ሲያስገባ መሬቱ አሸዋማና ቁጥቋጦ የበዛበት ጠፍ ነበር። ቁጥቋጦውን አቃጠለ፣ ሥሩ ለከብት መኖ የሚሆን ተክል ዘራ፣ በጎች አሰማራበት፤ መሬቱ በፍግ እየዳበረ ሄዶ ሣር አበቀለ። ዋሻው የተነሣው ከዚህ ሁሉ ልፋት በኋላ ነው፤ በእኔ ግምት ትዕግሥቱን የተማረው ከዚያ መሬት ነው።

የዋሻው ብልሃት ያለው በአሠራሩ ላይ ነው። አካሉ የጡብ ግንብና የእንጨት ማዋቀሪያ ነው። ከውጭ የተለበጠው ዘመናት የቦረቦሩት በሚመስል ቀዳዳ የበዛበት የኖራ ድንጋይ ሲሆን፣ ጡቡ ለዓይን እንዳይታይ ተደርጎ ተሸፍኗል። በተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ ከጣሪያ ተንጠልጥለው የሚታዩት ሾጣጣ ድንጋዮች፣ ስታላክታይት የሚባሉት፣ በጠብታ ብዙ ሺህ ዓመት የሚፈጅባቸው ናቸው። ሌን እነዚህን በእንጨት ሠራቸው። ከቀጫጭን ርብራብ የተገጣጠሙ ሾጣጣዎችን አፋቸውን ወደ ላይ፣ ጫፋቸውን ወደ ታች አድርጎ ጣሪያው ላይ አሰራቸው፤ በኖራ ለሰናቸው፤ በልስኑም ላይ የካልሳይት፣ የጂፕሰም፣ የኳርትዝና የፍሎራይት ስባሪዎችን አንድ በአንድ እየለጠፈ ሸፈናቸው። ቁጥራቸው በመቶ ሺዎች የሚገመት ነው። ይህን የሚያክል ሥራ በእጅ ብቻ መሠራቱን ሳስብ ከባለርስቱ ይልቅ ግንበኛው ይገንንብኛል።

ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ድልድይ ተሻግሮ ደሴቱ ላይ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ጠባብና ጨለም ያለ መተላለፊያ ይቀበለዋል። ዓይኑ ጨለማውን ሲለምድ ዋናው ክፍል ድንገት ይከፈታል። በግድግዳው ላይ ውሃ እየወረደ ከሥር ባሉ ገንዳዎች ይጠራቀማል። ወደ ሐይቁ በተከፈቱት ቀዳዳዎች የሚገባው ብርሃን ከውሃው ላይ ተንጸባርቆ ነው ጣሪያውን የሚያገኘው፤ ስለዚህ ሐይቁ ሲናወጥ ክሪስታሎቹም የሚንቀሳቀሱ ይመስላሉ። ደመናማ ቀንና ፀሐያማ ቀን ሁለት የተለያዩ ዋሻዎች ያሳያሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሃሚልተን አትክልቱን የሠራው በብድር ነበር። ዕዳው ስለበዛበት በ1773 ርስቱን ሸጦ ወደ ባዝ ከተማ ሄደ። በ1786፣ እርሱ በሞተበት ዓመት፣ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጆን አዳምስና ቶማስ ጀፈርሰን ፔይንስሂልን ጎብኝተዋል።

ዋሻው ከጉዳት ሁሉ የከፋው የደረሰበት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ርስቱ ላይ የካናዳ ወታደሮች ሰፍረው ነበር። ከጣሪያው ላይ የእርሳስ ክዳኑ ተነሣ፤ ዝናብ ወደ እንጨቱ ዘለቀ፤ የዋናው ክፍል ጣሪያም ተደረመሰ። እውነተኛ ዋሻ ክዳን አያሻውም፤ ይህኛው ግን ያለ ክዳን መቆም የማይችል ቤት ነበር። በ1948 ርስቱ እየተቆራረሰ ተሸጠ፤ አትክልቱም ዱር ዋጠው።

በ1980 የኤልምብሪጅ ምክር ቤት 158 ኤከር መሬት ገዛ፤ በቀጣዩ ዓመት የፔይንስሂል ፓርክ ትረስት ተቋቋመ። ጠጋኞቹ የተመሩት በፍርስራሹ ነው። ከወለሉ ላይ የተገኙት የልስንና የክሪስታል ቁርጥራጮች ሾጣጣው እንዴት እንደተገጠመና የትኛው ድንጋይ ከየትኛው ጋር እንደተለጠፈ አሳዩአቸው፤ እነርሱም በዚያው በቀድሞው መንገድ እንደገና በእጃቸው ሠሩት። የዋናው ክፍል ጥገና የተጠናቀቀው በ2013 ነው።

የሌን ቤተሰብ ሌላም ሥራ ትቷል። የጆሴፍ ልጅ ጆሳያ ሌን የአባቱን ሙያ ወርሶ በየርስቱ ዋሻና አለት ሲሠራ ኖሯል፤ በቦውድ ርስት ያለውን ፏፏቴ በሃሚልተን ንድፍ የገነባው እርሱ ነው። ቤተሰቡ በኦትላንድስ የሠራው ታዋቂ ዋሻ ግን በ1948 ፈርሷል። ጆሳያ ራሱ ያረፈው በ1833፣ በትውልድ መንደሩ በቲስበሪ፣ በድሆች መጠለያ ውስጥ ነው።