የብሩ ላይ ፊት

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መኪና አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ፣ አርባ ኪሎ ሜትሩን ሙሉ ነጠላዋን ከግራ ጉንጯ ላይ አላወረደችም። ብርድ መስሎኝ ነበር። የዚያ አገር ብርድ ለማንም አያዝንም፤ ሁላችንም ተከናንበናል። ኋላ ሒሳብ ልትከፍል እጇን ስትሰድ ነጠላው ሸተት አለና አየሁት፤ ከጆሮዋ እስከ አገጯ የወረደ የቃጠሎ ጠባሳ። ማየቴን አየች። «ሕፃን ሆኜ ምድጃ ላይ ወድቄ ነው ጋሼ» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። ሰው ሁሉ ስለሚጠይቃት ቀድማ መመለስ ለምዳለች።

እኔ የምሄደው የነገሥታቱን ግቢ ፍርስራሽ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሐሳቤ ከግንብ ወደ ፊት ዞረብኝ። እስቲ አስቡት፤ አንኮበር ተቀምጠው ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግራ ዓይናቸው የጠፋ ነበር። በ1833 ዓ.ም. የብሪታኒያ መልእክተኛ ሆኖ የመጣው ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ፣ የዓይናቸው መጥፋት መልካቸውን እንደጎዳው ጽፎ ሲያበቃ፣ ወዲያው ደግሞ ፊታቸው ግልጽ፣ ደስ የሚልና ግርማ ያለው መሆኑን ይጨምራል። የልጅ ልጃቸው ዳግማዊ ምኒልክም ፈንጣጣ ጎብኝቷቸው ነበር። በአካል ያገኟቸው የውጭ አገር ሰዎች ጠባሳው ከፊታቸው ይታይ እንደነበር ጽፈዋል።

ታዲያ በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ የተቀረጸውን የምኒልክ ብር አገላብጣችሁ እዩት። ዘውድ አለ፣ ጺም አለ፤ ፈንጣጣ የለም። ጠባሳ ለመሸፈን ፈረንሳይ አገር ድረስ የሄድነው ያኔ ነው ብል ነገር አጋነንክ አትበሉኝ። ደግሞ የሚያስቀው፣ ብሩ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ በጎን ስለተቀረጹ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። በእኛ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ በአንድ ዓይን የሚሳለው ክፉው ሰው፣ አይሁዳዊው፣ ሰይጣኑ ነው፤ ጻድቅ ሁለት ዓይን አለው። የአገሬ ሠዓሊ ያንን ብር ሲያይ ምን ብሎ ይሆን? ሣህለ ሥላሴንስ እንዴት አድርጎ ይስላቸዋል? ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይሄ ነገር ያበሽቀኝ ነበር። ደራሲ ተንኮለኛ ሰው ሲያስፈልገው ፊቱ ላይ ጠባሳ ያበጅለታል፣ በቃ፣ ሥራው አለቀ።

ነገሥታት ብር አላቸው። ሌላው ሰውስ? አክስቴ ፊቷን ፈንጣጣ የበላት ነበረች። ቤት ውስጥ ፎቶግራፍ አንሺ በመጣ ቁጥር ጓዳ ሥራ ይበዛባት ነበር። በሽታውን ለማጥፋት በ1963 ዓ.ም. ዘመቻ ሲጀመር፣ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዝግበዋል። የመጨረሻው የተገኘው ኦጋዴን ውስጥ ነሐሴ 1968 ላይ ነው። ፈንጣጣ ጠፋ፤ እሳትና ለምጽ ግን አሉ። ለምጽ ያለበት ሰው ደግሞ ዕዳው ድርብ ነው። ቆዳው ቀለሙን አጣ እንጂ ማንንም አይዝም። ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱሳችን ንዕማንን የመታውን ደዌም የሚጠራው በዚያው ቃል ነውና፣ ሰዉ ገበታ ሊያርቀው ይፈልጋል። የአንድ ቃል መዘዝ!

ሌላው ዓለም ምን አደረገ ብትሉ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ሊዲያ ኦሊሪ የተባለች ሴት ፊቷ ላይ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ምልክት ይዛ ተወልዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1928 ምልክቷን የሚሸፍን ወፍራም ቅባት ሠራች፤ ኮቨርማርክ ይባላል። እንግሊዝ አገር በ1970ዎቹ የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞች የሰውን ቀለም እያመሳሰሉ አቀባቡን ማስተማር ያዙ፤ በ2011 ሥራውን ቼንጂንግ ፌስስ የተባለ ድርጅት ተረከበው። እነዚህ ቅባቶች ከተራው የፊት ቅባት የሚለዩት ቀለማቸው ስለሚበዛና በላያቸው ዱቄት ተነስንሶ ሲረጉ ውኃ ቶሎ ስለማያጥባቸው ነው። ጠባሳውን አያጠፉም፤ ያበጠውንም አያስተካክሉም። ቀለሙን ብቻ ነው የሚደብቁት። ያም ቢሆን ቀላል አይደለም።

ወደ ልጅቱ ልመለስ። እህቷ ልታገባ ነው፤ እሷ ሚዜ ናት። ከተማ ወርዳ «ጠባሳ የሚሸፍን» ብላ ጠይቃ የሸጡላትን ቱቦ ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችኝ። የሚያነጣ ቅባት ነው። «ሳምንት ተቀባሁት፤ ያቃጥለኛል» አለችኝ። «የኔ ልጅ፣ ይሄን ጣይው» አልኳት። እንዲህ ያሉት ቅባቶች ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ፣ አንዳንዴም ሜርኩሪ ይኖርባቸዋል፤ የመጀመሪያው ቆዳ ያሳሳል፣ ሁለተኛው ኩላሊት ይጎዳል። ሸፍንልኝ ላለ ሰው ቀለምህን ላጥፋልህ ማለት ምን ዓይነት ንግድ ነው?

አዲስ አበባ ስመለስ አንድ የቆዳ ሐኪም ወዳጄን አማከርኩ። «ቁስል እስካልሆነና እስካላሳከካት ድረስ ትሸፍነው። መጀመሪያ ክንዷ ላይ ትሞክረው፤ ማታ አጥባው ትተኛ» አለኝ። ከዚያ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። መደርደሪያው ላይ ካሉት አብዛኞቹ ለፈረንጅ የተሠሩ ናቸው፤ ለእኛ የሚሆነው አንዱ ይጠቁራል፣ አንዱ ይቀላል። በመጨረሻ ሁለት ገዛሁና ከዱቄቱ ጋር ላክሁላት፤ ሁለቱን እጇ ጀርባ ላይ ቀላቅላ፣ ስስ አድርጋ፣ ሳታሽ በጣቷ ጠብ ጠብ እያደረገች፣ ሁለት ሦስት ጊዜ እንድትደርብ ጽፌ።

ከሰርጉ በኋላ ደወለች። «አምሮብኝ ነበር ጋሼ» አለች። ገበያም ስትወጣ ትቀባው እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ኧረ! ግማሽ ሰዓት ይፈጃል እኮ። ለገበያ ነጠላው ይበቃኛል።»