ከአዳል እስከ ሳኩራ፦ የጎጃም ሰው ስንት ስም ነበረው?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ወጣት ባልና ሚስት ለተወለደችላቸው ልጅ “ሳኩራ” የሚል ስም ቢያወጡ፣ አራስ ቤቱ ውስጥ የሚነሳውን ክርክር መገመት አያዳግትም። ገንፎ ልታገነፋ የመጣች አክስት ስሙን ሁለት ሦስቴ አስደግማ ትሰማለች። አያት ደግሞ “ኧረ ይኼ የማን አገር ስም ነው?” ይላሉ። ጃፓኖች በጸደይ የሚፈካውን የቼሪ አበባ የሚጠሩበት ስም መሆኑ ቢነገራቸው “ታዲያ አበባ አትሏትም?” ብለው ነገሩን ይዘጉታል።

የአያት ሙግት ቀላል አይደለም። ሆኖም ክርክሩ የሚነሳባት ከተማ ራሷ የምትጠራው ባሕር አቋርጦ በመጣ ስም ነው። የቀድሞ ስሟ መንቆረር ነበር። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ካሠሩ በኋላ በታቦቱ ስም ትጠራ ጀመር። ማርቆስ ደግሞ የሮማውያን ስም ነው፤ በላቲን ማርኩስ የነበረው በግሪክ በኩል አልፎ ግእዝ ደረሰ። የሞጣውና የዲማው ጊዮርጊስ የግሪክ ስም ነው፤ ደብረ ኤልያስ የተጠራችበት ኤልያስ ዕብራይስጥ ነው። የጎጃም ደጋ ለባዕድ ስም አዲስ አይደለም ማለት ነው። ጥያቄው፣ ያን ጊዜ ያልከበደው የውጭ ስም ዛሬ ለምን ከበደ የሚለው ነው።

መልሱን ከስሙ መነሻ አገር ይልቅ በስሞች ቁጥር ውስጥ ብንፈልገው ይሻላል። የቀድሞው የጎጃም ሰው ብዙ ስም ነበረው፤ የዛሬው ልጅ ያለው አንድ ነው።

አዳል ሲነግሥ

የከተማዋን ስም ያስቀየሩት ሰው የራሳቸውም ስም ተለውጧል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በጥር 1873 ዓ.ም. ራስ አዳል ተሰማን የጎጃምና የካፋ ንጉሥ አድርገው ሲያነግሧቸው አዳል ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። አንጋሹም ቢሆኑ ከንግሥናቸው በፊት ካሣ ምርጫ ነበሩ። ከእሳቸው በፊት የነገሡት አፄ ቴዎድሮስ ካሣ ኃይሉ ይባሉ ነበር፤ የሸዋው ምኒልክም የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነው።

በዚያው ሰሞን ከግብፅ አራት ጳጳሳት መጡ፤ ስማቸው ጴጥሮስ፣ ማቴዎስ፣ ሉቃስና ማርቆስ ነበር። ለጎጃም የደረሱት አቡነ ሉቃስ ናቸው። ንጉሡ የኢትዮጵያዊውን ጻድቅ ስም ይዘው፣ ጳጳሱ የወንጌላዊውን ስም ይዘው፣ በአንድ አገር ላይ ተቀመጡ። ንጉሡ በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት በምኒልክ ቢሸነፉም እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1893 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እንደተባሉ ኖሩ። ያም ሆኖ “ራስ አዳል” የሚለው ስም አልተፋቀም። ታሪክ ጸሐፊውም ተራኪውም ሁለቱን ስሞች አሁን ድረስ ይዟቸዋል። አዲሱ ስም የመጣው አሮጌውን ሊያባርር ሳይሆን ሌላ ሥራ ሊሠራ ነበርና፣ አዳል ለወገን፣ ተክለ ሃይማኖት ለዙፋኑ ሆኖ ቀረ።

እያንዳንዱ ስም የራሱ ጠሪ ነበረው

ነገሩ የነገሥታት ብቻ አልነበረም። ተራው ባላገርም ቢሆን በአንድ ስም ተወልዶ በአንድ ስም አልሞተም።

የመጀመሪያው ስም የቤት ነው። እናት ወይም አባት የሚያወጡት ይህ ስም ብዙ ጊዜ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። ሞትባይኖር፣ ቢያድግልኝ፣ ስንሻው፣ ይበልጣል፣ አንተነህ፣ ውድነሽ። ታላቁ ሞቶ የተወለደው ምትኩ ወይም ካሣሁን ይባላል፤ በሐዘን መካከል የመጣው ማስረሻ ይሆናል፤ የቂም ደም ባለበት ቤት ደመላሽ ይወለዳል። ሰፈሩ ስሙን ሲሰማ በዚያ ቤት ምን እንዳለፈ ያውቃል። ልጁ ራሱ ግን ስለ ስሙ የተጠየቀው ነገር የለም፤ የወላጆቹን ነገር ተሸክሞ ይዞራል።

ሁለተኛው የክርስትና ስም ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሱ ካህኑ ወልደ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ፣ ወለተ ጊዮርጊስ ብሎ የሚሰጠው ነው። ይህን ስም የሚያውቁት ወላጆች፣ የክርስትና አባት ወይም እናት፣ የንስሐ አባትና ጥቂት የቅርብ ሰዎች ናቸው። በጸሎት ይነሳል፤ በመጨረሻም በፍትሐት ይጠራል። ገበያ ላይ አይጠራም፤ በተለይ ድግምትና መተት የሚፈራ ቤተሰብ የልጁን የክርስትና ስም ለማንም አያወጣም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ ከባሕር ማዶ የመጡት ጊዮርጊስና ማርቆስ በብዛት የገቡት በዚህ በተሸፈነው ስም በኩል ነው። ለሰፈሩ ጆሮ አገርኛው ስም ስለነበረ ባዕዱ ስም ማንንም አላስደነገጠም።

ሦስተኛው ስም በሥራ የሚገኝ ነው። ጦረኛ በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ተብለዋል። ጎጃም ከዚህ ወገን የሚያነሳው የቢቸናውን አርበኛ በላይ ዘለቀን፣ አባ ኮስትርን ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተከታዮቹ ማዕረግ ይውሰድ ሲሉት፣ እናቱ በላይ ብላ ስም ካወጣችለት ወዲያ ሌላ ማዕረግ እንደማያሻው መልሷል እየተባለ በአገሩ ይተረካል። ከነጻነት በኋላ ደጃዝማችነት ተሰጠው፤ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጣ። ሕዝቡ ግን ከደጃዝማችነቱ ይልቅ እናቱ ያወጣችለትንና በጦር ሜዳ ያገኘውን ስም አጥብቆ ያዘ።

አራተኛውን ስም ያገር ሰው ያወጣል። በየቅኔ ቤቱ ስማቸው የሚነሳው ሊቅ ጎሹ “አራት ዓይና” የተባሉት በዕውቀታቸው ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው “ፍቅር እስከ መቃብር” ውስጥ ካሣ ዳምጤን “ጉዱ ካሣ” ሲያሰኙት የተወለዱበትን የጎጃም ገጠር ልማድ መጽሐፍ ውስጥ ማስገባታቸው ነበር። ከሌላው ለየት ያለ ሰው ሲገኝ መንደሩ የራሱን ስም ይጨምርለታል።

በዚህ ላይ ጋብቻ አለ። ሙሽራ የባሏን ወገኖች በስማቸው መጥራት ነውር ስለሚሆንባት ለያንዳንዱ ወንድምዓለም፣ እትዓለም እያለች የራሷን መጠሪያ ታወጣለች። በብዙ ቦታም አማት ለሙሽራዋ አዲስ ስም ትሰጣለች። እንዲህ ሲደማመር አንድ ሰው በካህኑ፣ በእናቱ፣ በጦሩ፣ በመንደሩና በምራቱ አፍ አምስት ሰው ሆኖ ይኖር ነበር።

የውጭ ስም በጓሮ በር

በዚህ ሁሉ መካከል የውጭ ቃል እየገባ ስም ሲሆን ማንም ልብ አላለውም። ብርቱካን የምትባል ሴት የአገር ስም ተሸክማለች፤ ፍሬው በዐረብኛና በቱርክኛ አፍ ስሙን ያገኘው ከፖርቱጋል ነው። አልማዝ በዐረብኛ በኩል የመጣች ናት። በሲድኒ ኦሎምፒክ በ5,000 ሜትር ወርቅ ያገኘው ሯጭ ሚሊዮን ወልዴ በአውሮፓውያን ቁጥር ይጠራል። የዘር ሐረጉ ከአየርላንድ የሚመዘዘው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የቤተሰብ ስምም እኛ ዘንድ የሰው መጀመሪያ ስም ሆኖ ድምፃዊ ኬኔዲ መንገሻ ተጠርቶበታል።

እነዚህን ስሞች ጆሮ የለመዳቸው ሁለት ነገር ስለረዳቸው ነው። አንዱ አማርኛ ቃሉን አስቀድሞ በገበያና በወሬ ማላመዱ ነው። ሌላው፣ ከኋላቸው የአባት ስም መቆሙ ነው። ሚሊዮን የወልዴ፣ ኬኔዲ የመንገሻ ሲሆን እንግዳው ስም ወዲያው ዘመድ ያገኛል።

ጃፓን በኢትዮጵያ መስታወት

የጃፓን ስም ለኢትዮጵያዊ ልጅ የሚለው ሐሳብ እንግዳ ቢመስልም የሁለቱ አገሮች ትውውቅ የቆየ ነው። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1889 ከወጣው የሜጂ ሕገ መንግሥት ብዙ ወስዷል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው “ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን” የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። ከልዑካኑ አንዱ የነበረው ልጅ አርአያ አበበ ማሳኮ ኩሮዳ ከተባለች የጃፓን መኳንንት ልጅ ጋር ሊጋባ ታስቦ ነበር፤ በ1926 ዓ.ም. ነገሩ ፈረሰ። ያ ጋብቻ ቢሰምር ኖሮ የልጅ ስም ክርክሩ ከዛሬ ዘጠና ዓመት በፊት በቤተ መንግሥት ተነስቶ ያልቅ ነበር።

ጃፓኖችም ከእኛ አንድ ስም ወስደዋል። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ የቶኪዮን ማራቶን ሲያሸንፍ ስሙ በጃፓን የየቤቱ ወሬ ሆነ። ፊደላቸው እንደኛው አናባቢና ተነባቢን አንድ ላይ የሚጽፍ ስለሆነ አበበን እነሱም በሦስት ፊደል ነው የሚጽፉት። ሳኩራም ሆነ ኬንጂ በእኛ ፊደል ሳይጣመም የሚጻፈው ለዚሁ ነው። ሐና የሚለው ድምፅ ደግሞ በሁለቱም አገር የሴት ስም ነው፤ እዚህ የእመቤታችን እናት፣ እዚያ አበባ።

ሁለቱ አገሮች የተለያዩት መንግሥት በስም ላይ እጁን ባሳረፈበት መንገድ ነው። የሜጂ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1875 ሕዝቡ ሁሉ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ አስገደደ፤ ቀድሞ ያልነበረው ገበሬም ያዘ። በእኛ አገር ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁትና በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደነገገ። ድንጋጌው ከወረቀት አልወረደም። የጎጃም ሰው ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት እየቆጠረ ትውልዱን ስለሚያውቅ አዲስ የቤተሰብ ስም የሚሞላው ጎደሎ አላየበትም።

ጃፓን በልጅ ስምም ጣልቃ ትገባለች። እ.ኤ.አ. በ1993 በቶኪዮ አቅራቢያ ወላጆች ለልጃቸው “ሰይጣን” የሚል ትርጉም ያለው ስም ሲያስመዘግቡ የከተማው አስተዳደር አልቀበልም አለ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ወላጆቹ በመጨረሻ ሌላ ስም አወጡ። በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያም የስም አነባበብ ከተለመደው እጅግ እንዳይርቅ ይጠይቃል። የጃፓን ስም የሚማርካቸው ወጣት ወላጆቻችን፣ የጃፓን አያቶችና ሹማምንትም በልጅ ልጆቻቸው አዳዲስ ስሞች ግራ መጋባታቸውን ቢያውቁ አይከፋም።

አምስቱ ስም ወደ አንድ

በእኛ አገር ስምን ያጠበበው ትእዛዝ አይደለም፤ ቅጹ ነው። መጀመሪያ የተማሪ መዝገብ፣ ቀጥሎ የቀበሌ መታወቂያና ፓስፖርት፣ ከዚያም በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የተደነገገውና በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ መጣ። ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ መዝገቡም የሚጠይቀው የልጁን ስም፣ የአባቱን ስምና የአያቱን ስም ነው። የዜግነትንም የትምህርትንም መብት ለማስከበር ስለሚረዳ ምዝገባው አስፈላጊ ነው። ሌሎቹ ስሞች ግን እየሳሱ ሄዱ። የጦረኛው የፈረስ ስም ከፈረሰኛ ጦር ጋር አልፏል። ወጣት ሙሽሮች የአማቾቻቸውን ቤት በማቆላመጫ ስም መሙላት ትተዋል። የክርስትና ስም ቢኖርም ብዙ ወጣት የራሱን አያስታውስም።

አሁን ቀድሞ አምስት ቦታ ተከፋፍሎ የነበረው ሁሉ በአንድ ስም ላይ ወደቀ። ሃይማኖቱን እንዲናገር፣ የቤቱን ደስታ እንዲያበስር፣ ሰፈር እንዲረዳው፣ ውጭ አገር ለሚሄድ ልጅ እንዲቀልና ለጆሮ እንዲያምር ይፈለጋል። አያትና ወጣት ወላጅ የማይግባቡት እዚህ ላይ ነው። ወጣቱ የሚፈልገው ስም የማማር ሥራ ይሠራል፤ አያት የሚፈልጉት ስም የመዛመድ ሥራ ይሠራል። ድሮ ሁለቱም ቦታ ነበራቸው፤ ዛሬ ለአንድ መስመር ይሻማሉ። “ስምን መልአክ ያወጣዋል” የሚለው ብሂል በደህናው ዘመን ማንንም አላስቸገረም፤ መልአኩ ያወጣው ባይጥም እናት የምትጨምረው ሌላ ስም ነበርና።

መውጫው ሩቅ አይደለም። ያው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ሰው ከአንድ በላይ የመጀመሪያ ስም ሊኖረው እንደሚችል ይፈቅዳል፤ አያቶቻችን ሕግ ሳይጻፍላቸው ያደርጉት የነበረውን ማለት ነው። ሳኩራ በመዝገብ ትጻፍ። ካህኑ ወለተ ማርያም ይበላት፤ ወላጆቿም ይህን ስም ጽፈው ያስቀምጡላት፣ ስታድግም ይንገሯት። አያት አበባ ብለው ቢጠሯት ማንም አያርማቸው፤ ትርጉሙም ያው ነው። ጎጃም ማርቆስን ተቀብሎ መንቆረርን ያልረሳው፣ ተክለ ሃይማኖትን አንግሦ አዳልን ያልጣለው በዚህ መንገድ ነው። አንድ ቤተሰብ ከሩቅ አገር ስም ሲያመጣ ሊጠየቅ የሚገባው ከየት አመጣኸው ተብሎ ሳይሆን፣ ከእሱ ሌላ ለልጁ ምን ስም ሰጠኸው ተብሎ ነው።