ቅዱስ ላሊበላ ቀይ ወጥ በልቶ ያውቃል?

ገና ትናንት አለፈ። ቤታችን ግን አሁንም ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል፤ የእኔም ዓይን ገና አልደረቀም። ምክንያቱን ስታነቡ ትደርሱበታላችሁ። ጽሑፏ ረዘም ትላለች፣ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ። የድሮ ተማሪዎቼ "ቲቸር ከጀመረ ደወል ካልተደወለ አያቆምም" እንደምትሉ አውቃለሁ። እዚህ ደግሞ ደወል የለም።

ነገሩ የተነሣው ቅዳሜ ዕለት ነው። የሰባት ዓመቷ ልጄ ጓደኛዋ ቤት አይታ መጥታ "አባዬ፣ የገና ዛፍ እንግዛ" አለች። እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ጓዳ ሆና የጠላውን ድፍድፍ እያየች ነበር፤ ሰማች።

"የምን ዛፍ? እሱ የፈረንጅ ነው። የእኛ ገና ዶሮው ነው፣ ጠላው ነው፣ ድፎ ዳቦው ነው። ከጥንት፣ ከነላሊበላ ጀምሮ!"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። የታሪክ መምህር ግን ዝም ማለት አይሆንለትም። "እማዬ፣ ቅዱስ ላሊበላ እኮ ቀይ ዶሮ ወጥ በልቶ አያውቅም። በርበሬው ራሱ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው" አልኳት።

"በርበሬዬን ነው?" አለች። ከዚያ በኋላ እስከ እሑድ አላናገረችኝም ማለት ይቻላል።

ለእናንተ ግን ልንገራችሁ። ላሊበላ የነገሠው በዛጉዌ ዘመን፣ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ላይ ነው። በርበሬ፣ ቃሪያና ሚጥሚጣ ደግሞ ዘራቸው የአሜሪካ ምድር ነው። ኮሎምበስ በ1492 (እ.ኤ.አ.) ወደዚያ እስኪሻገር ድረስ በአፍሪካም፣ በአውሮፓም፣ በሕንድም አንድ ፍሬ ቃሪያ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ነው በነጋዴ እጅ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ከወደብ ወደብ እየዞረ እኛ ጓዳ የገባው። እናም በንጉሡ ማዕድ ላይ ወጥ ነበረ ካልን፣ ወጡ የዛሬው ቀይ ወጥ አልነበረም። ኮረሪማ ሊኖረው ይችላል፤ እሱ የገዛ አገራችን ተክል ነው። ጤፉም የእኛው ነው። እሳቱ ሳይቀር እንግዳ ነው፦ ደብረ ብርሃን ዙሪያውን የምታዩት፣ ከድስታችን ሥር የሚነደው ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት አያቶቻችን ጥድና ወይራ ነበር የሚያነዱት።

ይሄን የምለው ወጡን ለማጣጣል አይደለም። እንዴት አድርጌ! በርበሬን ከሌላ ዓለም ተቀብሎ፣ ከኮረሪማና ከነጭ ሽንኩርት፣ ከጥቁር አዝሙድና ከበሶብላ ጋር ወቅጦ፣ ፀሐይ አስጥቶ፣ "ይሄ የኔ ነው፣ ከጥንት የኔ ነው" እስኪል ድረስ የራሱ ያደረገ ሕዝብ ሊኮራ ይገባዋል። ግን ያን ያደረገው ማን ነው? የትኛው ንጉሥ ነው አዋጅ ያወጣው? ማንም። ጓዳ ውስጥ ያሉ፣ ስማቸው ያልተጻፈ ሴቶች ናቸው። ይሄን ሐሳብ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

(ዛፉ? አልተገዛም። ዋጋውን ጠይቄ ተመለስኩ። ይሄ ከታሪክ ጋር ግንኙነት የለውም።)

እሑድ ዕለት አንዱ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጠየቀኝ፦ "ቲቸር፣ ዘንድሮ ገና ረቡዕ ስለዋለ የፍስክ ይበላል ወይስ አይበላም?" ጥሩ ጥያቄ ነው። ይበላል። ገናና ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውሉ አይጾሙም፤ ዋዜማው ገሃድ ሆኖ ይጾማል። ለዚህ ነው ማክሰኞ አጥብቀን የጾምነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ፣ ገሃዱን ጨምሮ ዘንድሮ 44 ቀን ሆኗል።

እውነተኛ ጥንታዊ ነገር ከፈለጋችሁ እንግዲህ እዚህ ቁጥር ውስጥ ፈልጉ። ገና ሁልጊዜ ታኅሣሥ 29 ነው ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ 28 ነበር የዋለው። በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ እንዲህ ይሆናል። አባቶች የሚቆጥሩት ከመጋቢት 29 ከብሥራት ጀምረው ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው። ጳጉሜን አምስት ስትሆን ቆጠራው ታኅሣሥ 29 ላይ ያርፋል። ስድስት ስትሆን ደግሞ አንዷ ቀን ቀድማ ስለተቆጠረች 28 ላይ ያልቃል። በዓሉ ቀኑን የሚለውጠው ቆጠራው እንዳይዛባ ነው። ክፍል ውስጥ ይሄን በጠመኔ ሠርቼ ሳሳይ፣ ሒሳብ የማይወድ ልጅ እንኳ ቀና ብሎ ያያል።

የእኛ ከተማ ልጆች ደግሞ ሌላም ኩራት አላችሁ። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማለት ነው) የብዕር ሰው ነበሩ። በስማቸው ከሚታወቁት መጻሕፍት አንዱ "መጽሐፈ ሚላድ" ይባላል። ሚላድ ልደት ማለት ነው። ዛሬም ወር በገባ በ29 በዓለ ወልድ እየተባለ ይታሰባል፤ ልደት በዓመት አንዴ ብቻ አይደለም። በዚህ ውርጭ፣ እጅ በሚያደነዝዝ ታኅሣሥ፣ ስለ ልደት የሚጽፍ ንጉሥ እዚሁ እኛ ከተማ ተቀምጦ ነበር ብላችሁ አስቡት።

ጨዋታውም ጥንታዊ ነው። ቆልማማ ዱላና እሩር ይዞ ሜዳ መውጣት፣ ሎሌ የጌታውን ቅልጥም ቢመታ ጌታው የማይቆጣበት ብቸኛ ቀን። እኔ ልጅ ሆኜ አያቴ አገር ለበዓል ስንሄድ፣ ገና ማለት ይሄው ነበር። ዶሮ? አንዳንዱ ቤት ነበረ፣ አንዳንዱ ቤት አልነበረም። ትልቁ ድግስ የሚደገሰው ለፋሲካ ነበር፤ አደባባዩ የሚደምቀው ደግሞ ለጥምቀት። ገናን እንዲህ የዶሮና የበግ፣ የቅርጫና የኬክ ሳምንት አድርገን ያከበድነው በኋላ እኛ ከተሜዎቹ ነን ብዬ አምናለሁ። ይሄ የእኔ ግምት ነው፣ ልትከራከሩኝ ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ያዛችሁልኝ ሐሳብ።

እሑድ ማታ እናቴ ሽንኩርት ልትልጥ ተቀመጠች። ጉልበቷን ያማታል፤ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ስትቀመጥ አንዴ፣ ስትነሣ አንዴ "እመቤቴ!" ትላለች። ባለቤቴ ነርስ ናት፣ የበዓል ዋዜማ ተረኛ ነበረች። ሁለት ዶሮ፣ አንድ ጉድ ሽንኩርት፣ ድፎው፣ አይቡ፣ ቅቤ ማንጠሩ፣ ቡናው፣ ቄጤማው፣ የልጆቹ ልብስ። ለመታረቅም ብዬ፣ "እማዬ፣ ማክሰኞ ማታ አብረን ማኅሌት እንሂድ?" አልኳት።

"ወጡን ማን ያየዋል?" አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል።

"ቅዳሴ ላይ ብትደርሺስ?"

ዝም አለች። ቆይታ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ "ካገባሁ ወዲህ የገናን ሌሊት ቤተ ክርስቲያን አድሬ አላውቅም። ልጅ እያለሁ ነው የማውቀው። ግን በድምፅ ማጉያው እሰማዋለሁ እኮ፣ ሁሉንም ነው የምሰማው። መቼ ከበሮው እንደሚፈጥን አውቃለሁ" አለች።

እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ነኝ። በየዓመቱ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ጧፌን ይዤ፣ "እማዬ ደህና እደሪ" ብዬ ከአባቴ ጋር የምወጣ ልጅ ነበርኩ። ስመለስ ወጡ ደርሶ፣ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ እሷ ቆማ አገኛታለሁ። ምን ሆነሽ አላደርሽም ብዬ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

እንግዲህ አስቡት። አሥራ ሁለት ዓመት ታሪክ አስተምሬአለሁ። በዲፕሎማ የተቀጠርኩ መምህር ነኝ፣ ሊቅ ነኝ አልልም፤ ቢሆንም ያገኘሁትን አነባለሁ። የነገሥታቱን ግብር ለተማሪ ስነግር ይጣፍጠኛል። በዐፄ ምኒልክ አዳራሽ በሺህ የሚቆጠር ሰው በተራ ይገባ እንደነበር፣ ማን ከማን በፊት እንደሚቀመጥ፣ ጥሬ ሥጋው እንዴት እንደሚዞር እናገራለሁ። እቴጌ ጣይቱ ለእንጦጦ ማርያም ምረቃ ያስደገሱት ድግስ እስከ ዛሬ ይነሣል። ቤተ መንግሥቱ ወጥ ቤት ነበረው፣ እንጀራ ቤት ነበረው፣ ጠጅ ቤት ነበረው። እህሉን በድንጋይ ወፍጮ ሌሊቱን የሚፈጩ ሴቶች ነበሩ። የበላውን ሰው ማዕረግ እናውቃለን። የፈጨችው ሴት ማኅሌቱን ሰምታ ይሆን? ይሄን ጥያቄ ፈተና ላይ አውጥቼው አላውቅም።

ደግሞ ተመልከቱ። በርበሬው ተለውጧል፣ ማገዶው ተለውጧል፣ ወፍጮው ሞተር ሆኗል፣ ምጣዱ ኤሌክትሪክ ሆኗል (መብራት ካለ)፣ በዓሉ ራሱ ገዝፏል። ሳይለወጥ የቆየው ነገር ቢኖር ሥራውን የሚሠራው ማን እንደሆነ ነው። የወንዱ ድርሻ በጉን ዋጋ ተከራክሮ መግዛት፣ ቅርጫ ላይ ዕጣ ማውጣት፣ ዶሮዋን ወደ ምሥራቅ አዙሮ በስመ ሥላሴ መባረክ ነው። በቢላ ይጀምራል፣ በቢላ ያልቃል። ከዚያ በኋላ መንጨቱ፣ መገነጣጠሉ፣ አሥራ ሁለቱን ብልት አንድ በአንድ ማውጣቱ፣ ውኃው እስኪጠራ በሎሚና በጨው ማጠቡ የሌላ ሰው ሥራ ነው። "ባህላችን እንዳይጠፋ" ብለን የምንጽፍ ወንዶች፣ እኔን ጨምሮ፣ ብዙ ጊዜ የምንጠብቀው ሌላ ሰው የሚሠራውን ባህል ነው።

ሰኞ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ቢላዋውን ተቀበልኳት። "ተው አንተ፣ ጎረቤት ቢያይህስ!" አለች። ጎረቤት አየ። ሳቀ። ሽንኩርቱ ግን አለቀ። ማክሰኞ ቁሌቱን ራሷ ቀን ላይ ጀመረች፤ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት እስኪበስል፣ በርበሬው ገብቶ ጥሬነቱ እስኪሄድ እኔ አማስላለሁ፣ እሷ ታዛለች። አመሻሽ ላይ ነጠላዋን አመጣሁላትና ልጄን አስያዝኳት። "ሂጂ" አልኳት። በሩ ድረስ ሦስት ጊዜ ተመልሳ መጣች። እሳቱን ቀንስ፣ መከለሻው በቢጫው ዕቃ ነው፣ እንቁላሉን መጨረሻ ላይ፣ ፈረሰኛው እንዳይሰበር። ለአራተኛ ጊዜ ልትመለስ ስትል በሩን ዘጋሁ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዶሮ ወጥ ገሃድ ማታ እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። የምትሠራው ሴት ጾመኛ ናት። ወጡን አትቀምሰውም! ጨዉን፣ ቅመሙን፣ የበርበሬውን መብሰል የምታውቀው በመልኩና በሽታው ነው። እናቴ ይሄን ሁሉ ዓመት የሠራችው ሳትቀምስ ነው። እኔ ይሄ የገባኝ ያን ሌሊት፣ ማንኪያውን ወደ አፌ አስጠግቼ ድንገት ትዝ ሲለኝ ነው። ድስቱ ላይ እንደ ሞኝ ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። ሽታው የበዓል ሽታ ነው። ከዚያ በላይ ምንም አልነገረኝም።

ውጭው ውርጭ ነው። በድምፅ ማጉያው ማኅሌቱ ይሰማል። ከበሮው ቀስ ብሎ ይጀምርና ይቆማል፣ ደግሞ ይጀምራል። ላሊበላም በዚያ ሌሊት እንዲሁ ነው፤ ሲነጋ ካህናቱ በቤተ ማርያም ግድግዳ አናትና ከታች ቆመው ቤዛ ኩሉን ይቀባበላሉ፤ የንጉሡም ልደት በዚያው ቀን ይከበራል። እኔ ግን የማስበው እሱን አልነበረም። ከበሮው መቼ እንደሚፈጥን ለመለየት ስሞክር ነበር። መለየት አልቻልኩም። የሚያውቀው ጆሮ እዚያ ሄዷል።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት አልፎ ተመለሱ። ልጄ ጀርባዬ ላይ ካልሆነ አልተኛም ብላ አስቸገረች። እናቴ ነጠላዋ ጧፍና ዕጣን ይሸታል፤ ዳር ዳሩ ላይ ሰም ተንጠባጥቦበታል። ጉልበቷን አልጠቀሰችም። "ጧፉ ሲበራ እኮ ቀን ነው የሚመስለው" አለች። "ሕዝቡ! ወጣቱ! አንዷ ልጅ ተነሥታ መቀመጫ ሰጠችኝ።" ትንሽ ቆየችና ደግሞ "ከበሮውን የሚመታው ልጅነቱ! እኔ በድምፁ ትልቅ ሰው ይመስለኝ ነበር" አለች።

ከዚያ ነጠላዋን ሳታወልቅ ወደ ድስቱ ሄደች። ከፈተችው፣ አየችው፣ አሸተተችው። እንጀራ ቆርሳ አጠቀሰች፣ ባረከችና ጎረሰች። ከኅዳር 15 ጀምሮ የመጀመሪያ የፍስክ ጉርሻዋ ነበር። እኔ እንደ ማትሪክ ውጤት ጠባቂ ቆሜአለሁ።

"ጨው አላደረግህበትም" አለች።

ጨዉን አነሣች፣ በሦስት ጣቷ ቆንጥራ በተነች፣ እሳቱን መልሳ አነደደችና በርጩማዋን ስባ ተቀመጠች። "ሌላው ደህና ነው" አለች። "ለከርሞ ጨዉን ቁሌቱ ላይ ነው የምታደርገው።"