ፕሮሰሰር ከመግዛታችሁ በፊት ማዘርቦርዱን እወቁ
በጌጃ ሰፈርና በልደታ ምድብ ችሎት ዙሪያ ማመልከቻ በመተየብ፣ ኮፒ በማድረግና ፎቶ በማተም የሚተዳደሩ ብዙ ወገኖች አሉ። ለእነርሱ ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ ገቢያቸውም ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ቶሎ የሚታሰበው የተሻለ ፕሮሰሰር መግዛት ነው። ይሁን እንጂ ፕሮሰሰር ከሁሉም ማዘርቦርድ ጋር አይስማማም፤ ሳይጣራ ከተገዛ ገንዘቡን ውኃ ይበላዋል። ስለዚህ ከግዢ በፊት መታወቅ ያለባቸውን ነጥቦች ለዴስክቶፕ ተጠቃሚዎች አቅርበናል። በአብዛኞቹ አዳዲስ ላፕቶፖች ግን ፕሮሰሰሩ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ አይቀየርም።

ሶኬትና ቺፕሴት

ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ ሶኬት ይባላል። ኢንቴል ሶኬቱን ቶሎ ቶሎ ይቀይራል። 2ኛና 3ኛ ጀነሬሽን ኤልጂኤ 1155፣ 4ኛው 1150፣ 6ኛና 7ኛው 1151 ናቸው። 8ኛና 9ኛውም 1151 ቢባሉም ለ6ኛና 7ኛ በተሠራ ቦርድ ላይ አይሠሩም፤ ቺፕሴታቸው ይለያያል። ከ12ኛ እስከ 14ኛ ያሉት 1700 ሲጠቀሙ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ 1851 መጥቷል።

ኤኤምዲ በአንጻሩ አንድን ሶኬት ረዘም ላለ ጊዜ ያቆያል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጡትን የመጀመሪያዎቹን ራይዘኖች የተቀበለው ኤኤም4 እስከ ራይዘን 5000 ድረስ አገልግሏል። በ2022 የመጣው ኤኤም5 የሚቀበለው ዲዲአር5 ራም ብቻ ነው።

ባዮስና መብራት

ሶኬቱ ቢገጥምም አዲሱን ፕሮሰሰር ለመቀበል ባዮሱ መታደስ ሊኖርበት ይችላል። በእድሳቱ መሀል መብራት ከጠፋ ቦርዱ ሊበላሽ ስለሚችል ያለ ዩፒኤስ አትሞክሩት።

ዊንዶውስ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው በአብዛኛው ከኢንቴል 8ኛ ጀነሬሽንና ከራይዘን 2000 ወዲህ ያሉትን ነው። ስለዚህ በ4ኛ ጀነሬሽን ቦርድ ላይ ውድ ኮር አይ7 መጨመር ይህን ችግር አይፈታም።

የሚሻገርና የሚቀር ዕቃ

ለአሮጌ ማሽን ገንዘብ ስታወጡ ወደሚቀጥለው የሚሻገረውን አስቀድሙ። ሳታ ኤስኤስዲና ሞኒተር ይሻገራሉ፤ በሃርድ ዲስክ የሚሠራ ኮምፒውተርም ኤስኤስዲ ሲገባለት በግልጽ ይፈጥናል። ዲዲአር3 ራም ግን ዲዲአር4 በሚቀበል ቦርድ ላይ አይገባም። ያገለገሉ የዴልና የኤችፒ የቢሮ ኮምፒውተሮች ፓወር ሳፕላይና ማዘርቦርድም ብዙ ጊዜ ለራሳቸው ሳጥን ብቻ የተሠሩ ናቸው።

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት

በዊንዶውስ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ውስጥ የማዘርቦርዱን ሞዴል፣ የፕሮሰሰሩን ስምና የባዮሱን ቁጥር ታገኛላችሁ። በወረቀት ጻፉና ቦርዱን የሠራው ኩባንያ በድረ ገጹ ካወጣው የፕሮሰሰር ዝርዝር ጋር አመሳክሩ። ያላችሁ ፕሮሰሰር ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ከሆነ ቦርዱ ከዚህ በላይ አይሄድም፤ ገንዘባችሁን ለአዲስ ቦርድ አቆዩት። አዲስ ቦርድ ስትገዙም ሻጩን «ዛሬ ምን ይይዛል?» ብቻ ሳይሆን «ወደፊትስ እስከ የትኛው ይቀበላል?» ብላችሁ ጠይቁ።