የ86 ወንበር ጦስ

ስሙኝማ፣ አንድ ቁጥር ያዙልኝ፦ 86። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።

በ1885 መገባደጃ ብሪታንያ ውስጥ ምርጫ ተካሄደ። ድምፁ ሲቆጠር ሊበራሎቹ ወግ አጥባቂዎቹን በ86 ወንበር በለጧቸው። የአየርላንዱ ቻርለስ ስቱዋርት ፓርኔል ይዞት የመጣውም ልክ 86 ወንበር ሆኖ ተገኘ! ወዲህ ቢያዘነብል ሁለቱን ያስተካክላል፤ ወዲያ ቢያዘነብል መንግሥት ያቆማል። አየርላንድ ከ1801 ጀምሮ የራሷ ምክር ቤት ጠፍቶ ከለንደን የምትገዛ አገር ነበረችና የሰውየው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ደብሊን ላይ ምክር ቤት ይሰጠን፣ የውስጥ ጉዳያችንን እኛው እንምራ።

መጀመሪያ ያዘነበለው ወደ ወግ አጥባቂዎቹ ነበር። በእንግሊዝ የሚኖሩ ወገኖቹን ሳይቀር «ለእነሱ ምረጡ» ብሏቸዋል። ቆይቶ ግን የሊበራሎቹ መሪ፣ ሽማግሌው ግላድስተን፣ ለአየርላንድ ራስ ገዝነት መቁረጡን የገዛ ልጁ ለጋዜጠኞች አሾለከው። ፓርኔል ዞረ። ትናንት ሲያባብሉት የነበሩት ወግ አጥባቂዎችም ማግስቱን የአንድነት ጠበቃ ሆነው ቁጭ አሉ። እምነት አልነበራቸውም አልልም፤ ስሌቱ ግን ከእምነቱ ይበልጥ ነበር። ከመካከላቸው ራንዶልፍ ቸርችል በ1886 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ ግላድስተን ወደ ራስ ገዝነት ከሄደ የሚመዘዘው ካርታ የኦሬንጅ ማኅበር ነው አለ። ይህ ማኅበር በሰሜኑ በአልስተር ግዛት ያሉ ፕሮቴስታንቶች የተሰባሰቡበት ነው። በካቶሊኮች የሚመራ የደብሊን መንግሥት እነሱን ያስፈራቸዋል። ፍርሃታቸው እውነተኛ ነው፤ ቸርችል ግን ያያት ካርታዋን ነው። ያንኑ ወር ቤልፋስት ወርዶ በአልስተር አዳራሽ ሕዝቡን አነሳሳው።

ግላድስተን ያቀረበው የራስ ገዝነት ረቂቅ ሕግ በዚያው ዓመት በ30 ድምፅ ልዩነት ወደቀ። የጣሉት ጠላቶቹ ብቻ አይደሉም፤ ጆሴፍ ቼምበርሊንን ጨምሮ 93 የግላድስተን የራሱ ሰዎች ተቃውመው ቆሙ። በዚያ ሰሞን በተነሣ ሁከት ቤልፋስት በደም ታጠበች። በ1893 ሁለተኛው ረቂቅ ታችኛውን ምክር ቤት ቢያልፍም የሎርዶች ምክር ቤት በ419 ለ41 ቀበረው። ፓርኔል ቀድሞ ሞቷል፤ ፓርቲውም በእሱ የፍቅር ጣጣ ለሁለት ተከፍሎ ዓመታት ባክነዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ1910 ሁለት ጊዜ ምርጫ ተካሄደ። በሁለተኛው ሊበራሎቹ 272፣ ወግ አጥባቂዎቹ 271! ሚዛኑ እንደገና በአየርላንዳዊ እጅ ወደቀ፤ ይሄኛው ጆን ሬድመንድ ይባላል። ዋጋውን ጠየቀ፣ ተከፈለው። የሎርዶቹ ሥልጣን በ1911 ሕግ ተገደበና ከእንግዲህ ረቂቅ ማዘግየት እንጂ መቅበር አይችሉም። በ1912 ሦስተኛው ረቂቅ ቀረበ።

ወግ አጥባቂዎቹ ሦስት ምርጫ በተከታታይ ተሸንፈዋል፤ በምክር ቤት ማገጃም አልቀራቸውም። መሪያቸው ቦናር ሎው በብሌንሃይም ቤተ መንግሥት አደባባይ ወጥቶ፣ አልስተር የትኛውንም ያህል ርቃ ብትቃወም አልለያትም አለ። ሊነግሥ የሚጠብቅ ሰው ለአመፅ ዋስ ሲሆን አያችሁ? በሴፕቴምበር 28 ቀን 1912 በኤድዋርድ ካርሰን መሪነት ከ200 ሺህ በላይ ወንዶች ራስ ገዝነትን የሚቃወም ቃል ኪዳን ፈረሙ፤ ሴቶቹም በራሳቸው ሰነድ። ካርሰን የደብሊን ልጅ ነው፣ ልብ በሉ። የራንዶልፍ ልጅ ዊንስተን ቸርችልስ? እሱ ሊበራል ሆኖ ለራስ ገዝነት ሊሰብክ በዚያው ዓመት ቤልፋስት ቢሄድ አባቱ የተናገረበትን አዳራሽ ከለከሉት፤ መኪናውንም ሊገለብጡበት ነበር።

ሊበራሎቹም ንጹሕ አይደሉም። አልስተርን ከረቂቁ እናውጣ የሚል ሐሳብ በ1912 መጀመሪያ ለካቢኔው ቢቀርብም አልተቀበሉትም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አስኪዝ ጊዜ ይፈታዋል ብሎ ተቀመጠ። ሬድመንድ ደግሞ የሰሜኑን ዛቻ ባዶ ጉራ ነው አለ። ጉራ አልነበረም። በ1913 የአልስተር ጦር ተቋቋመ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ደብሊንም የራሷን በጎ ፈቃደኞች አቋቋመች። በማርች 1914 በካራ ጦር ሰፈር ያሉ የብሪታንያ ጦር መኮንኖች አልስተር ላይ ከምንዘምት ሥራችንን እንለቃለን አሉ። በኤፕሪል በላርን ወደብ ወደ 25 ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ ለሰሜኖቹ ገባ። በጁላይ ደብሊኖቹ በሃውዝ ወደብ 900 ሲያስገቡ ግን ጦር ተላከባቸው፤ ያን ዕለት ወታደሮች ሕዝብ ላይ ተኩሰው ሦስት ሰው ገደሉ። ይህን አድልዎ ማን ይረሳል?

ወዲያው የዓለም ጦርነት መጣ። ሕጉ ጸድቆ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። በ1916 ደብሊን ላይ የነፃነት አመፅ ተነሣ፤ መሪዎቹም ተረሸኑ። በ1918 ምርጫ የሬድመንድ ፓርቲ በአየርላንድ 6 ወንበር ቀረው፤ ነፃነት እንጂ ራስ ገዝነት የማይበቃው ሲን ፌን 73 ወሰደ። ከዚያ በኋላ ከብሪታንያ ጋር የተካሄደው የነፃነት ጦርነት በ1921 ስምምነት ሲዘጋ አገሪቱ ለሁለት ተከፍላ ነበር። ራስ ገዝነትን በጠመንጃ እመክታለሁ ያለው ሰሜንም ቤልፋስት ላይ የራሱን ምክር ቤት ተቀብሎ ራስ ገዝ ሆነ።

በዲሴምበር 1921 ካርሰን በሎርዶች ምክር ቤት ተነሥቶ ምን ያህል ሞኝ እንደነበረ ተናገረ፤ እሱም፣ አልስተርም፣ አየርላንድም ወግ አጥባቂዎቹን ሥልጣን ላይ ለማውጣት በተደረገ ጨዋታ መጫወቻ ነበርን አለ። ያን ቀን በጥምር መንግሥቱ ውስጥ ትልቁ ፓርቲ ወግ አጥባቂው ነበር።